የቦቃዋ ላም ቢጫ አካል

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቀኝ እጄ እስከ ብብቴ ድረስ አንዲት ቦቃ ላም ውስጥ ነበር።

ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ያኔ ተመራቂ ሥራ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ሥራው ራሱ ነው ተመራቂውን ፈልጎ የሚያገኘው። ምደባ ሲለጠፍ ናዝሬት፣ እንስሳት እርባታ ቢሮ ደረሰኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ስለሆነ እናቴ «ልጄ ቢሮ ገባች» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ቢሮ መግባቴስ እውነት ነው። በፊት በር ገብቼ በጓሮ እንደምወጣ፣ ቀኑንም ከላም ኋላ ቆሜ እንደማሳልፍ ግን አልነገርኳትም።

ጓሮው ድረስ ያደረሰኝ እጄ ነው። ከእኛ ጋር የሚሠራው ነባር አዳቃይ፣ እኔ ጋሼ የምለው ሰው፣ ክንዱ የጋሪ ዘንግ ያክላል። በመጀመሪያው ቀን እጄን እንደ በቆሎ እሸት አገላብጦ አየና «ይቺ ልጅ ለላሞቹ ተለክታ ነው የተሠራችው» አለ። ከዚያ ወዲያ መጠሪያዬ «ቀጭኗ» ሆነ። ድምፄም ከእጄ አይወፍርም ነበር። በየሳምንቱ በምንሰበሰብበት የውይይት ክበብ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። «ቀጭኗ እኮ ላሞቹንም በጆሯቸው ነው የምታናግራቸው» ይለኛል ጋሼ፤ ውሸቱን አልነበረም።

የዚያን ሰሞን ሥራችን ዘመቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ማናቸውም ነገር ዘመቻ ካልተባለ አይንቀሳቀስም፤ ችግኝ የሚተከለው በዘመቻ፣ መንገድ የሚጠረገውም በዘመቻ ነው። የእኛው «ኮርማ ያልፈለጉ ላሞችን የማነሣሣት ዘመቻ» ይባላል። ስሙን ያወጣው ኃላፊያችን ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ካኪ ሳፋሪውን በየቀኑ የሚያስተኩስ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ደንብ የሚወድ ሰው። የከተማው የወተት ላም አርቢዎች ማኅበር አባሎች በቢሮው በኩል ክልስ ላሞች ተሰጥተዋቸው ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ ላሞቹ የሚፀንሱት ቢሮው በፈሳሽ ናይትሮጂን አቀዝቅዞ ከሚያስቀምጠው ምርጥ ዘር ብቻ ነው። ላሙን ወደ ሰፈር ኮርማ የወሰደ ሰው ላሙ ተወስዳ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ አባል ትሰጣለች።

ደንቡ ያላሰበው ነገር ቢኖር ናይትሮጂኑ ራሱ እንደሚያልቅ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ አለቀ፤ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ሲመጣ ቢሮው ላሞቹን አምጡ አለ፤ አንድም ላም አልመጣ። ባለቤቶቹ ሲጠየቁ ሁሉም ተማክረው ያጠኑት ይመስል አንድ መልስ ሰጡ፤ «ከወለደች ወዲህ ኮርማ ፈልጋ አታውቅም።» ኃላፊው ደነገጠ፣ ዘመቻም ታወጀ።

እዚህ ላይ ላም ውስጥ ምን እፈልግ እንደነበር መናገር አለብኝ። ከማሕፀኗ ግራና ቀኝ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያካክሉ ሁለት የእንቁላል እጢዎች አሉ፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ በአንጀቷ በኩል ገብቶ ይዳስሳቸዋል። እንቁላሉ ከእጢው ፈንድቶ ሲወጣ የወጣበት ቦታ ባዶውን አይቀርም። እዚያው ላይ እንደ ጡጦ ጫፍ ብቅ ያለ ነገር ያድጋል። ኮሌጅ ሳለን ከቄራ በመጣ እጢ ላይ በምላጭ ሰንጥቀን አይተነዋል፤ ውስጡ እርድ የተነከረ ይመስላል። ስሙም ቢጫ አካል ነው።

እኔ ቢጫውን አካል የምወደው በጠባዩ ነው። የመጣ ጽንስ መኖር አለመኖሩን ሳያውቅ፣ እንግዳ ይመጣል ብሎ ቤት የሚያሰናዳ ዓይነት ነው። ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ቅመም በደም ይልካል፤ ማሕፀኑ እንዳይኮማተር፣ ግድግዳው እንዲለሰልስ፣ የሚቀጥለው እንቁላልም ተራውን እንዲጠብቅ ያደርጋል። እንግዳው ካልመጣ ማሕፀኑ ራሱ ያሟሟዋል፤ ላሟም በሦስት ሳምንቷ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። እንግዳው ከመጣ ግን ቢጫው አካል መውለጃዋ እስኪቃረብ ከቦታው አይነቃነቅም። እሱ ከሄደ ጥጃውም ይሄዳል።

ችግሩ፣ አንዳንዴ ያለ ጽንስም ተገትሮ መቅረቱ ነው። ማሕፀኗ ታሞ ወይም ከወለደች በኋላ ሳይጠራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችው ላም ጽንስም የላት፣ ኮርማም አትፈልግ። ለዚህ በውጭ አገር መርፌ ወጥቷል ይባል ነበር፤ እኛ ዘንድ ያለው መርፌ ግን የጋሼ አውራ ጣት ነው። እጢውን በጣቶቹ ይይዝና ቢጫውን አካል እንደ ባቄላ ፈልፍሎ ያወጣዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ላሟ ኮርማ ፈልጋ ስታገሣ ትሰማለች። ዘመቻችን ይኸው ነበር፤ ዳስሰን ቢጫውን አካል ካገኘን መጭመቅ።

የቦቃዋ ባለቤት ከሁሉ ቀድማ ስለመጣች የወረፋው መጀመሪያ እሷ ሆነች። ባሏ የሞተባት፣ ወተቷን ባቡር ጣቢያ አካባቢ ላሉ ሻይ ቤቶች የምታስረክብ፣ ካላት አንዲት ላም በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ናት። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ ሳታውቀኝም ልጇ ነኝ። ላሟ በእንጨቱ መተላለፊያ መሃል ቆመች። ፋጉሎ የለመደች፣ ጎኗ የሚያበራ ላም ነበረች። ከኋላ ደግሞ ሌሎቹ ባለቤቶች ላሞቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ኃላፊው ሽታው እንዳይደርስበት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሟል፤ የናዝሬት ነፋስ ግን እምነት ስለማይጣልበት በየጊዜው ቦታ ይቀይራል።

የግራውን እጢ አገኘሁ፤ ለስላሳ ነው። የቀኙን አገኘሁ፤ ጫፉ ብቅ ብሏል።

«አለ?» አለ ጋሼ።

«አለ።»

«ጭመቂዋ።»

አልጨመቅኩም። አስተማሪያችን ቢጫ አካል ያገኘ ሰው ጣቱን ከማዘዙ በፊት ማሕፀኑን ይጠይቅ ይሉን ነበር። ጠየቅሁት። እንደ ቀንድ ለሁለት ከተከፈለው ማሕፀን የቀኙ ቀንድ ከግራው ሞላ ብሎ፣ ውሃ የያዘ ፊኛ መስሎ ተኝቷል። በቀስታ ቆነጠጥኩት። ገበር ያለው ልብስ ሲቆነጠጥ ገበሩ ከጣት ሾልኮ እንደሚያመልጠው አንድ ስስ ነገር ከጣቶቼ መሃል አመለጠ። ጽንሱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። ከዚያ በኋላ ጥርጥር የለም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከመጽሐፍ ውጪ በራሴ ጣት ስይዘው የመጀመሪያዬ ነበርና። ወዲያው ግን ደስታዬ ከላሟ ሳይወጣ እዚያው ቀረ። እርጉዝ ናት ካልኩ ቀጣዩ ጥያቄ ከማን ነው የሚል ነው። ቢሮው ዘር አልነበረውም። ከኮርማ መሆኑ ከታወቀ ላሟ ተራ ለሚጠብቀው አባል ትሄዳለች፤ ሴትዮዋ ባዶ በረት ይዛ ትቀራለች። ዝም ብዬ እጄን ካወጣሁ ደግሞ የጋሼ እጅ ይገባል፤ ጥጃው ይወርዳል። ስለዚህ ያን ጊዜ የመጣልኝን አደረግሁ። እጄን እዚያው ተውኩት።

«ቀጭኗ፣ ቀለበት ጣልሽ እንዴ?» አለ ጋሼ ትንሽ ቆይቶ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ።»

«ጓድ ምርመራው ላይ እንቅልፍ ወስዷት እንዳይሆን» አለ ኃላፊው ከሩቅ። ከወረፋው ሳቅ ተሰማ።

ክንዴ መደንዘዝ ጀመረ። የላም አንጀት ሲኮማተር ክንድን እንዴት እንደሚጨምቅ የቀመሰ ያውቀዋል። ሴትዮዋ ከራስጌ ቀንዷን ይዛ ቆማለች፣ እኔ ከግርጌ ነኝ፤ በመሃላችን አንድ ሙሉ ላም አለች። ሹክ ልበል ብል እንኳ መጮህ ሊኖርብኝ ነው።

«እትዬ፣ እባክዎ ወደዚህ መጥተው ጭራዋን ይያዙልኝ።»

መጣችና ያዘችልኝ። አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠጋሁ።

«ኮርማ አግኝታለች አይደል?»

ዓይኗን አልሰበረችም። «ማን ነገረሽ?»

«እሷ።»

«የእኔን ቃል ትተሽ የላም ቃል ትሰሚያለሽ?»

«እሷ ደንብ አትፈራም እትዬ።»

ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ከፊቷ ጠፋ። «ኢንተላ ኮ፣ ምን ላድርግ። ስታገሣ አድራ ስታገሣ ዋለች። ወደ እናንተ ሮጥኩ፤ ናይትሮጂን የለም አላችሁ። እሷ ናይትሮጂን የምታውቅ መሰለሽ? በሶደሬ መንገድ ያለው ሰውዬ ኮርማ ጋ ወሰድኳት። አዳማ ውስጥ ያልወሰደ የለም።»

«ለምን ኮርማ ፈልጋ አታውቅም አሉ?»

«ፈልጋለች ካልኩ፣ ታዲያ ምን አደረግሽ አይሉኝም? አልፈለገችም ስል፣ አንድ መርፌ ወግታችሁ ትለቁኛላችሁ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ላሟን ያድንልኛል ብላ የመረጠችው ቃል ላሟን ለጭመቃ አሳልፎ የሚሰጥ ቃል ነው። ከኋላዋ የተሰለፉትም ያንኑ ቃል ይዘው ነው የመጡት።

«መርፌ የለም እትዬ። ጥጃውን የያዘውን ነገር በጣት ነው የሚያወጡት። ካልተናገርን ይወርዳል።»

ጭራውን የያዘው እጇ ላላ። ጭራው አመለጠና ፊቴን ጠረገው።

ጋሼ ትዕግሥቱ አልቆ ጓንቱን እስከ ትከሻው ስቦ ሳሙና እየቀባ መጣ። «ውጪ እስቲ። ሌላው ወረፋ ይጠብቃል።»

«አይሆንም» አልኩ።

ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። ላሟ ጆሮዋን አቆመች፤ ጋሼም እንዲሁ። ኃላፊው ነፋሱን ረስቶ ቀረበ።

«ምንድን ነው የማይሆነው?»

«እርጉዝ ናት ጓድ። ቢጫው አካል በሥራ ላይ ነው።»

«ከማን?»

ከወረፋው መሃል አንዲት ሴት በዝግታ «ከነፋሱ ይሆናላ፤ የናዝሬት ነፋስ ምን የማያደርገው አለ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሼም ጓንት ያጠለቀ ክንዱን ወደ ላይ እንደያዘ ሳቀ። ኃላፊው ብቻ አልሳቀም።

ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ከኮርማ ነው ጓድ። የወሰድኳትም እኔው ነኝ። ላሟን ከወሰዳችሁ ውሰዱ። ሆዷን ግን አትንኩ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እጄን አወጣሁ፤ ዝም ብሎ እንደ ተሰቀለ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለ። ጋሼ እኔን ሳያይ «ልይ?» አለ። «ይዩ፤ ግን አይያዙት» አልኩ። እጁን አስገባ፣ ዳሰሰ፣ አወጣ። «ቀጭኗ እውነቷን ነው» አለ ለኃላፊው። ወደ ውሃው ባልዲ ሲሄድ ደግሞ ለራሱ «ልጨምቀው ነበር እኮ» ሲል ሰማሁት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወረፋው እየሟሟ ነበር። አንዱ ሰውዬ «የእኔዋ እንኳ አሁን ሳያት ኮርማ የፈለገች ትመስለኛለች፤ ሌላ ቀን ላምጣት» ብሎ ላሙን አዞረ። ሌላዋ ምጣድ ላይ የረሳችው ነገር ትዝ አላት። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮው በር የሚወጡ ጭራዎች ብቻ ይታዩ ነበር። ኃላፊው ከዓይኑ እስኪጠፉ ተመለከታቸውና ነገሩ የአንዲት ላም ብቻ አለመሆኑ የገባው ይመስላል።

«ሌሎቹን አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ይቺ ግን በአፏ ተናግራለች። ደንቡ ይመለከታታል። ነገ ጠዋት እወስናለሁ።»

ሴትዮዋ ቦቃዋን እየነዳች ሄደች። ደህና ይዋሉ ስላት ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ማታ እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬ ምን እንደሆነ ነገርኳት። የት ድረስ እንደማስገባ በእጄ ሳሳያት አንድ ጊዜ ወደ ክንዴ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምስሩ አየችና ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ይኼ ቢጫ ያልሽው» አለች፣ «ሰውም አለው?»

«ሴት ሁሉ አላት እማዬ።»

«እኔም?»

«አንቺም። እኔን መጀመሪያ የያዘኝ እሱ ነው። በሰው ግን ጥቂት ወር ሠርቶ ሥራውን ለእንግዴ ልጁ ያስረክባል። በላም ነው እስከ መጨረሻው ገደማ የሚቆመው።»

«አይ፣ ላም ታድላለች» አለች። ጥቂት ምስር ለቀመች። «እኔ አንቺን ስይዝ ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። ሁለቱ አልፈውብኝ ነበር። ለካ እሱ ነው የለገመብኝ።» ከእኔ በፊት የወረዱባትን ሁለት ጽንሶች ማለቷ ነው፤ ስለ እነሱ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አላረምኳትም። «እና ለሴትዮዋ ምን አልሽላት?»

«ምን እላለሁ? ወሳኙ ኃላፊው ነው።»

«ከላሟ ጋ ያን ሁሉ ተማክረሽ፣ ከኃላፊው ጋ ሁለት ቃል ያቅትሻል?»

በማግሥቱ ጠዋት ዘበኛው በሩን ሲከፍት ደጅ ቆሜ ነበር። ቢሮው ስገባ ኃላፊው ሻዩን ገና አልጀመረም። አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«ጓድ፣ ደንቡ ከቢሮው ዘር በቀር ከሌላ አይፀንሱ ይላል። ቢሮው ዘር አልነበረውም።»

«እሱን አውቃለሁ። ላሟ ግን እስኪመጣ ድረስ መቆየት ነበረባት።»

«አትቆይም። ጽንስ ካልመጣ ቢጫው አካል በሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ሟሙቶ ያልቃል፤ ሌላ እንቁላል ይበስላል፣ ኮርማ ትፈልጋለች። በየዙሩ ካላገኘች አትወልድም፤ ካልወለደች አንድ ዓመት ሙሉ ወተት አይኖርም። ሰውነቷ የሚሠራው በራሱ ጊዜ ነው፤ ከአዲስ አበባ መኪና እስኪመጣ አይጠብቅም። ሴትዮዋም የዋሸችው ደንቡን ፈርታ ነው፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ላሟን ከወሰድንባት ከእንግዲህ ማንም እውነቱን አይነግረንም። እኛም ያልተነገረንን ስንጨምቅ ጥጃዎቹን ሁሉ እናስወርዳለን።»

ብርጭቆውን አዞረ። «ይህን ሁሉ እያወቅሽ በውይይት ክበብ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«እዚያ ስለ ላም አይነሣም ጓድ።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ «ለአዲስ አበባ የሚባለውን እኔ አስብበታለሁ» አለ። «ላሟ ባለችበት ትቆይ። ጭመቃውም ይቁም። ባለቤቶቹን መጀመሪያ አነጋግሩ፤ ደንቡ አያስቀጣችሁም በሏቸው።»

አመስግኜ ወጣሁና ጋሪ እንኳ ሳልጠብቅ በእግሬ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ቦቃዋ ከአጥሩ ውጪ ቆማለች። ታጥባለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ እንደ አዲስ ያበራል። አንገቷ ላይ የነበረው ገመድ ግን የለም፤ በጆንያ ሲባጎ ነው የታሰረችው። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከብት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ገመዱ አብሮ አይሄድም፤ ከሄደ የቤቱ በረከት አብሮት ይወጣል። ሴትዮዋ ውሳኔውን አልጠበቀችም፤ ላሟን ለመስጠት አሰናድታታለች።

ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ተነሣች። «አንቺን ላኩሽ? ደግ አደረጉ» አለች። «ቀስ አድርገሽ ንጃት። ዳገት ላይ አታጣድፊያት።»

«እትዬ፣ አትሄድም» አልኩ። ድምፄ እንደ ወትሮው ቀጭን ስለሆነ ሁለተኛ መናገር ነበረብኝ። «እዚሁ ትወልዳለች። ገመዷን ይስጡኝ።»

ወደ ውስጥ ገባችና ቆየች። ስትወጣ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ሲባጎውን ፈታሁ፤ ገመዱን በአንገቷ አስገባሁላትና ቦቃዋን ወደ በረቷ መለስኳት።